ከሴራሚኩ ሥር ያለው ሂሳብ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን የሚያድስ ሰው ለባለሙያ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አይለወጥም፤ «መታጠቢያ ቤቱን ለማደስ ስንት ይፈጃል?» መልሱም እንደዚያው ነው። ባለሙያው በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ ይቃኛል፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ትንሽ ያሰላስልና ድፍን ቁጥር ይጠራል። ቁጥሩ ለጊዜው ሁለቱንም ያስማማል፤ ባለቤቱ ገንዘብ ማፈላለግ ይጀምራል፣ ባለሙያውም ሥራውን ይዟል። ጠቡ የሚመጣው በሁለተኛው ሳምንት፣ የድሮው ሴራሚክ ከግድግዳው ወርዶ የውስጡ ጉድ ሲታይ ነው።

ከቤት ክፍሎች ሁሉ ትንሿ መታጠቢያ ቤት ናት፤ በወጪ በኩል ግን ሳሎንን ታስንቃለች። መኝታ ቤት ለማደስ ቀለም ቀቢና ወለል ሠራተኛ ይበቃሉ። እዚህ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቆም በሚቸገርበት ቦታ አፍራሹ ቀን ሠራተኛ፣ ግንበኛው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ሴራሚክ ሠራተኛውና በርና መስኮት የሚገጥመው ሰው ተራ በተራ ይገባሉ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። ቧንቧ ሠራተኛው አንድ ቀን ሲቀር የሴራሚክ ሠራተኛውና የረዳቱ ቀን አብሮ ይቃጠላል።

«በካሬ ስንት ትሠራላችሁ?» የሚለው ጥያቄም እዚህ ብዙ አይጠቅምም። ካሬ ለሳሎን ወለል ጥሩ መለኪያ ነው። መታጠቢያ ቤት ግን ሦስት ካሬም ሆነች ስድስት ካሬ የምትፈልገው አንድ መቀመጫ፣ አንድ ሲንክ፣ አንድ ሻወር፣ አንድ ቦይለርና ያንኑ የቧንቧ መስመር ነው። ስለዚህ ክፍሏ ባነሰች ቁጥር የአንዱ ካሬ ዋጋ ይወደዳል። ጎረቤት ሰፊ መታጠቢያ ቤቱን ያሳደሰበትን ገንዘብ ለካሬው አካፍሎ ወደ ራስ ጠባብ ክፍል ማምጣት የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

የሚያዋጣው አካሄድ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ብዛት መቁጠር ነው። ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አንድ ሰዓት መቀመጥ ለብዙ ሰው አሰልቺ ይመስላል። ዋጋ በየሳምንቱ ሲለዋወጥ ግን የማይለወጠው የግድግዳው ስፋትና የቧንቧው ርዝመት ብቻ ነው። ብዛቱን የያዘ ሰው ዋጋውን በፈለገው ቀን ገበያ ወጥቶ ያባዛዋል።

ምሳሌ እንውሰድ። ከጀሞ እስከ ኮዬ ፈጬ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች የማያስገርም መጠን ያላት መታጠቢያ ቤት፣ ወለሏ 1.50 ሜትር በ2.20 ሜትር ናት እንበል። የወለሉ ስፋት 3.30 ካሬ ይሆናል። አራቱ ግድግዳዎች ዙሪያቸው 7.40 ሜትር ነው፤ ሴራሚኩ እስከ በሩ ቁመት፣ ማለትም እስከ 2.10 ሜትር ቢወጣ 15.54 ካሬ ይመጣል። ከዚህ ላይ የ70 ሴንቲ ሜትር በር ሲቀነስ 14.07 ካሬ ይቀራል። ሰው በተለምዶ «ሦስት ካሬ መታጠቢያ ቤት» የሚላት ክፍል የምትበላው ሴራሚክ ከ17 ካሬ በላይ ነው ማለት ነው። የብዙ ሰው ግምት ገና ከመነሻው የሚዛነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ወለሉን ለክቶ ግድግዳውን ይረሳል።

ለስብራትና ለቁርጥራጭ አንድ አሥረኛ ይጨመራል። 30 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የግድግዳ ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ በካርቶን ስምንት ፍሬ ይይዛል፤ ይህም 1.44 ካሬ ነው። በዚህ ስሌት ለግድግዳው 11 ካርቶን፣ ለወለሉ ደግሞ ተመሳሳይ ካሬ በሚይዝ ካርቶን 3፣ በድምሩ 14 ካርቶን ያስፈልጋል። ባለቤቱ «እስከ ጣሪያ ድረስ ይልበስልኝ» ካለና ጣሪያው 2.60 ሜትር ላይ ከሆነ ሦስት ካርቶን ይጨመራል። ለስሌት ያህል ብቻ አንዱን ካርቶን 1,500 ብር ብንለው 14ቱ 21,000 ብር ይሆናሉ፤ 3,000 ብር የሚያወጣውን ከመረጠ 42,000 ብር። እጥፍ ዋጋ ያለው ሴራሚክ ያመጣው ልዩነት 21,000 ብር ነው። ይህ ቁጥር ይያዝ፤ ወደኋላ ከሚመጡት ወጪዎች ጋር ሲነጻጸር ሰዎች በሴራሚክ ምርጫ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ከድርሻው በላይ መሆኑን ያሳያል።

ከምርጫ ጋር በተያያዘ ሁለት ነገር ይነገር። የመጀመሪያው፣ የግድግዳ ሴራሚክ ለወለል አይሆንም። ፖርሰሊን የሚባለው ጠጣሩ ዓይነት የሚመጥጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ለግድግዳ ተብሎ የሚሠራው ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይመጥጣል፣ ጥንካሬውም ያንሳል። የሚያብረቀርቅ ወለል ደግሞ በእርጥብ እግር ላይ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ ትልልቁ ሴራሚክ፣ በተለይ 60 በ120 የሆነው፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚያስጥል አንድ አሥረኛው ተጨማሪ ላይበቃው ይችላል። ካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥርም መታየት አለበት። አንድ ዓይነት ስም ያለው ሴራሚክ በተለያየ ጊዜ ሲመረት ቀለሙ በጥቂቱ ይለያያል፤ ሁለት ካርቶን ጎደለ ተብሎ ከወር በኋላ የሚገዛው ከግድግዳው ጋር ላይገጥም ይችላል። የተረፈውን ካርቶን ለመመለስ ከመሮጥ ይልቅ ለወደፊት ጥገና ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ሴራሚኩ በሲሚንቶና አሸዋ ሙርታ የሚለጠፍ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ወለሉ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢታሰብ፣ ለዚህች ክፍል 0.41 ሜትር ኩብ ሙርታ ይበቃል። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ሲደባለቅ ወደ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ሲሚንቶ ይሆናል፤ በ50 ኪሎ ከረጢት አራት መሆኑ ነው። አሸዋው ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ። ግድግዳው ቀድሞ ተለስኖ ለጥ ያለ ከሆነና በፋብሪካ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ከተመረጠ ደግሞ ለአንድ ካሬ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይሄዳል፤ ባለ20 ኪሎው ከረጢት አራት ያህል ይበቃል። ማጣበቂያው በከረጢት ይወደዳል፣ ሥራውን ግን ያፋጥናል፣ ጠባቧን ክፍልም በየጎኑ በሙርታ ውፍረት አያጠብባትም።

አሁን ወደተረሳው ነገር እንምጣ፤ ፍርስራሹ።

የድሮው ሴራሚክ ከነሙርታው ሲነሳ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። 17.37 ካሬ በ4 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ ወደ 0.7 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ክብደቱ ወደ 1,400 ኪሎ ይጠጋል። በማዳበሪያ ከረጢት 40 40 ኪሎ ቢሞላ 35 ከረጢት ነው። አሮጌው መቀመጫና ሲንክ ገና አልተቆጠሩም። አብዛኛዎቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከምድሩ በላይ አራት ፎቅ ሆነው አሳንሰር የላቸውም። እናም 35ቱ ከረጢት በሰው ትከሻ በደረጃ ይወርዳል፤ ሲሚንቶው፣ አሸዋውና 14 ካርቶን ሴራሚኩ ደግሞ በዚያው ደረጃ ይወጣል። ከታች ያለው ቆሻሻ የሚጫንበት መኪና ይከፈልበታል፣ የሚደፋበት ቦታም መታወቅ አለበት። ሕንፃው ሥር ከርሞ የነዋሪዎችን ኮሚቴ ቁጣ የሚያመጣ የፍርስራሽ ክምር ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ይህ ወጪ በሂሳቡ ውስጥ ስላልነበረ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖርና አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው አንድ ዓይነት መታጠቢያ ቤት ቢኖራቸው እንኳ አንድ ዓይነት ሂሳብ አይኖራቸውም።

ግድግዳው ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በንጉሡና በደርግ ዘመን በተሠሩ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው መስመር ብዙውን ጊዜ ጋልቫናይዝድ የብረት ቧንቧ ነው። ብረቱ ከውስጥ ሲዝግ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይሄዳል፤ ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ ቀላ ያለ ውሃ የሚወርድበት ቤት ምልክቱን አይቷል። አንዳንድ ባለሙያዎች የበሰበሰውን ቁራጭ ብቻ ቆርጠው ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ይቀጥሉታል። ይህ ለጊዜው ገንዘብ ያድናል፣ ግን በአዲስ ሴራሚክ ሥር አሮጌ ብረት መቅበር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያፈስ የሚፈርሰው ሴራሚክ የዛሬው አዲሱ ነው። ለትንሽ መታጠቢያ ቤት ሙሉ የሙቅና የቀዝቃዛ መስመር መለወጥ ከ15 እስከ 20 ሜትር ባለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይፈልጋል፤ ባለ4 ሜትር ዘንግ ቢሆን ከአራት እስከ አምስት መሆኑ ነው። ፕሮፎርማ የሚያይ ሰው ግን ዓይኑን ከዘንጎቹ ላይ አንስቶ ወደ መገጣጠሚያዎቹ ይመልስ። ክርን፣ ቲ፣ ቫልቭና በተለይ ጫፋቸው የነሐስ ጥርስ ያላቸው መገጣጠሚያዎች ሲደመሩ ከቧንቧው ይበልጣሉ።

የፍሳሹ ነገር ከዚህም የከበደ ነው፣ ምክንያቱም ፍሳሽ የሚታዘዘው ለስበት ብቻ ነው። የመቀመጫው መስመር 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው፣ በየሜትሩም ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ባለቤቱ «መቀመጫውን ወደዚያኛው ጥግ እናዙረው» ሲል ቀላል ነገር ያዘዘ ይመስለዋል። ሁለት ሜትር ለማዞር እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት፣ በዚያ ላይ የቧንቧው ራሱ 11 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል። የወለሉ ኮንክሪት ይህን ያህል አይቆፈርም፤ በተለይ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ውስጥ ወለሉ ቀድመው በተዘጋጁ ቢሞችና በብሎኬት የተሠራ በሆነበት ቦታ መሮ ማንሳት አደገኛ ነው። ስለዚህ የወለሉ ከፍታ ይጨመራል፤ መታጠቢያ ቤት ለመግባት ደረጃ የሚወጣባቸው ቤቶች የመጡት ከዚህ ነው። መቀመጫውን፣ ሲንኩንና ሻወሩን በነበሩበት ቦታ መተው ከሁሉም በላይ ወጪ የሚቀንስ ውሳኔ ነው።

በነበረበት ቦታ ቢተውም እንኳ አዲሱ መቀመጫ ከአሮጌው ጉድጓድ ጋር መግጠም አለበት። አንዳንዱ መቀመጫ ወደ ወለል ያወርዳል፣ አንዳንዱ ወደ ግድግዳ። ወደ ወለል የሚያወርዱትም ቢሆኑ ከግድግዳው እስከ ጉድጓዱ መሐል ያለው ርቀት ይለያያል። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሳበው «ዋን ፒስ» 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈልግ ከሆነና የቤቱ ጉድጓድ 20 ላይ ካለ ወይ መቀመጫው ይመለሳል ወይ ወለሉ ይፈርሳል። ይህን የሚያስቀር መሣሪያ ሜትር ብቻ ነው፤ ሱቅ ከመሄድ በፊት የሚለካ።

በአፓርታማ የሚኖር ሰው ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ ከታች ጎረቤት አለው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ የሚያይ ነው፤ የሁሉንም ቤት ፍሳሽ የሚያወርደው ዋና መስመር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። እሱን ለመንካት ከቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ጋር መነጋገር ግድ ይላል። ውሃ ወደ ጎረቤት ጣሪያ ከወረደ ደግሞ ሂሳቡ ከራስ ቤት አልፎ የሰው ቤት ቀለምና ኮርኒስ ይጨምራል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከሴራሚኩ በታች የሚቀባው ውሃ መከላከያ ነው። ብዙ ሰው ሴራሚክ ራሱ ውሃ የሚከላከል ይመስለዋል። ሴራሚኩ ቢከላከልም በመካከሉ ያለው የነጭ ሲሚንቶ መጋጠሚያ ቀስ በቀስ ያሳልፋል። መከላከያው ወለሉን ሙሉ በሙሉ፣ ግድግዳውን ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ ሻወሩ ያለበትን ጥግ ደግሞ እስከ ላይ መሸፈን አለበት። ለ3.30 ካሬ ወለልና ለአንድ ጥግ የሚያስፈልገው መጠን ትንሽ ነው፤ ከጠቅላላ ወጪው ጋር ሲተያይ ኢምንት ሊባል ይችላል። ባለሙያ በድፍን ዋጋ ሲስማማ ቀድሞ የሚዘልለውም ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ መኖር አለመኖሩን ማንም አያይም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የወለሉ መውረጃ ተደፍኖ ውሃ ይሞላል፣ ለ24 ሰዓት ይተዋል፣ በማግሥቱ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን እንዲያይ ይለመናል። ቧንቧውም ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት በግፊት ይፈተሻል። እነዚህ ሁለት ፍተሻዎች የሥራ ዝርዝሩ ላይ በስማቸው ካልተጻፉ አይሠሩም።

የዕቃ መረጣውም የራሱ ወጥመድ አለው። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በብዙ ቤት ጣሪያ ላይ ሮቶ የሚባለው የውሃ ታንከር ተሰቅሏል። ከታንከሩ የሚወርድ ውሃ የሚኖረው ግፊት በከፍታው ይወሰናል፤ አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ይሰጣል። ከሻወሩ በላይ ሦስት ሜትር ላይ የተቀመጠ ሮቶ 0.3 ባር ብቻ ነው ያለው። ከላይ እንደ ዝናብ የሚያወርዱት ሰፋፊ የሻወር ጭንቅላቶችና ዘመናዊ ሚክሰሮች በአብዛኛው ከዚህ የበለጠ ግፊት ስለሚፈልጉ ውሃው ያንጠባጥባል። ከዚያ ፓምፕ ይገዛል፣ ለፓምፑ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ሻወር ከመምረጡ በፊት አሁን ያለውን ቧንቧ ከፍቶ በባልዲ ቢለካው ብዙ ያተርፋል።

ቦይለርም ቢሆን ዋጋው ካርቶኑ ላይ ያለው ብቻ አይደለም። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ሲሞላ ከነራሱ ክብደት 100 ኪሎ ይጠጋል። ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ደግሞ በተራ ብሎን ይህን አይሸከምም፤ ግድግዳውን በስቶ በሌላኛው ወገን በብረት ሰሌዳ የሚታሰር መያዣ ያስፈልጋል። 50 ሊትር ለአነስተኛ ቤተሰብ ይበቃል፤ ባለ1.5 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ያለው ከሆነ 18 ዲግሪ የነበረውን ውሃ 60 ለማድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በቀጥታ የሚያሞቀውን ሻወር የሚመርጥ ሰው ደግሞ መሣሪያውን በርካሽ ቢያገኘውም እስከ 5 ኪሎ ዋት ሊስብ እንደሚችል ይወቅ። በ220 ቮልት ከ20 አምፔር በላይ ነው፤ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ ኧርዝ ይፈልጋል። በአሮጌ ሽቦ ላይ መቀጠል ውሃና መብራት በሚገናኙበት ክፍል ውስጥ በሕይወት መቆመር ነው።

ብዛቱ ከተቆጠረ በኋላ ዋጋ ይመጣል፤ እዚህ ላይ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይቱ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሐዋሳው ታቦር ሴራሚክስ ዓይነት የአገር ውስጥ አምራች ቢኖርም መርካቶና ሃያ ሁለት አካባቢ የሚደረደረው ሚክሰር፣ ሻወርና ቦይለር በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ አምና ቤቱን ያሳደሰ ወዳጅ የሚናገረው ዋጋ ወሬ እንጂ ግምት አይደለም። ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና ይጻፋል፤ ያ ቀን ካለፈ ወረቀቱ ጥቅም የለውም። ቢያንስ ከሦስት ሱቅ አንድ ዓይነት ዝርዝር ሰጥቶ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ያስፈልጋል። «አንድ ዓይነት ዝርዝር» የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ አንዱ ሱቅ የነሐስ ሚክሰር፣ ሌላው የቀላል ብረት ሚክሰር ዋጋ ከሰጡ ውድድሩ የውሸት ነው። በእጅ ሲያነሱት የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ የነሐሱ ነው።

ሌላው ተደጋጋሚ አደናጋሪ ቫት ነው። ሻጩ የተናገረው ዋጋ ከነቫቱ ይሁን ያለ ቫቱ ሳይጠየቅ የተሠራ በጀት 15 በመቶ ጉድለት ይዞ ይጓዛል። ለምሳሌ ያህል ዕቃው ያለ ቫት 200,000 ብር፣ የእጅ ዋጋው 100,000 ብር ነው እንበል። ባለቤቱ በጭንቅላቱ የያዘው 300,000 ነው። በዕቃው ላይ 30,000 ብር ቫት ሲጨመር 330,000 ይሆናል። በአሮጌ ቤት ግድግዳው ሲከፈት ለሚመጣው ያልታሰበ ነገር 15 በመቶ መጠባበቂያ፣ ማለትም 49,500 ብር ቢያዝ ጠቅላላው 379,500 ብር ይደርሳል። ገና ምንም ችግር ሳይፈጠር ድፍኑ ቁጥር ከአንድ አራተኛ በላይ አድጓል። ለአዲስ ሕንፃ መጠባበቂያው 10 በመቶ ቢሆን ይበቃል፤ የብረት ቧንቧ ባለው ቤት ግን 15ም አይበዛም።

የእጅ ዋጋን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ስምምነት የተለመደ ነው። አንደኛው ባለቤቱ ዕቃውን እየገዛ ባለሙያው የጉልበቱን ብቻ የሚጠይቅበት፣ ሌላኛው ደግሞ ባለሙያው ከነዕቃው የሚረከብበት። የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን «አንድ ክርን ጎደለ» እየተባለ በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ሱቅ የሚላከው ባለቤቱ ነው፣ የታክሲውና ከሥራ የቀረበት ሰዓትም ወጪ ነው። ሁለተኛው ያሳርፋል፤ የዕቃው ዓይነትና ጥራት በወረቀት ካልሰፈረ ግን ባለሙያው የሚያተርፈው ከማይታየው ክፍል ላይ ቀንሶ ነው። ጊዜ ላለውና ገበያውን ለሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ይሻላል፤ በውጭ አገር ሆኖ ለወላጆቹ ቤት ለሚያሳድስ ሰው ሁለተኛው፣ ግን ከዝርዝር ጋር። ክፍያው በየምዕራፉ ቢከፈል፣ ማለትም ከማፍረስ በኋላ፣ ከቧንቧ ፍተሻ በኋላ፣ ከሴራሚክ በኋላ እየተባለ ቢሰጥና ጥቂቱ ሻወሩ ለተወሰኑ ሳምንታት አገልግሎ እስኪታይ ቢያዝ ሁለቱም ወገን ይጠበቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሠራ ተቋራጭ ለሥራው የአሥር ዓመት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል። በቃል ብቻ ለተስማማና ደረሰኝ ለሌለው ሰው ግን ይህን መብት ማስረዳት ከባድ ነው።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች አስደሳች የሆነ መመሳሰል አለ። ሪሞዴሊንግ የተባለው መጽሔት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእድሳት ወጪ ዘገባ ለመካከለኛ ደረጃ የመታጠቢያ ቤት እድሳት መነሻ ያደረገው 5 በ7 ጫማ የሆነች ክፍል ነው። በሜትር 1.52 በ2.13 ናት፤ ከላይ የለካናት የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ማለት ይቻላል። ዘገባው ለዚህች ክፍል እድሳት የአገሪቱን አማካይ ወጪ 25,251 ዶላር አድርጎታል፤ ቤቱ ሲሸጥ ከዚህ ውስጥ 73.7 በመቶው እንደሚመለስም ይገምታል። ይህን ቁጥር በምንዛሪ አባዝቶ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ግን ስህተት ነው። እዚያ ገንዘቡን በዋነኛነት የሚበላው የባለሙያ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ራሱ ቀለም የሚቀባና ሴራሚክ የሚያነሳ ሰው ብዙ ያተርፋል። እዚህ ክብደቱ ወደ ዕቃው ያደላል፤ ከሜሪላንድ ሆኖ ለአዲስ አበባ ቤት በጀት የሚያወጣ ሰው መከራከር ያለበት በቧንቧ ሠራተኛው የቀን አበል ሳይሆን በዕቃው ዝርዝር ላይ ነው። በባለሙያው ዋጋ ላይ አጥብቆ የተከራከረ ባለቤት ያተረፈው ትንሽ ሲሆን የከሰረው ግን በጥድፊያ የተሠራ ወለል ነው።

ከሁሉም በኋላ ገንዘቡ ካልበቃ ምን ይደረግ? መልሱ የሚገኘው የትኛው ሥራ ወደኋላ ሳይፈርስ ሊጨመር እንደሚችል በመለየት ነው። የመስታወት ሻወር ቦክስ፣ ከሲንክ ሥር የሚገባው ቁም ሣጥን፣ የፎጣ መስቀያ፣ መብራት ያለው መስታወት፣ ውዱ ሚክሰር፣ ሌላው ቀርቶ ቦይለሩ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ሊገጠሙ ይችላሉ፤ መስመራቸው ግድግዳው ውስጥ ተዘጋጅቶ ጫፉ በታፓ ይደፈን እንጂ። ርካሽ ሴራሚክም ቢሆን ቀጥ ብሎ ከተለጠፈ አያሳፍርም። ሊቀነስ የማይገባው ቧንቧው፣ የፍሳሹ ቁልቁለት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና ውሃ መከላከያው ነው። ፕሮፎርማ የሚቀበል አንባቢ በቅድሚያ እነዚህን አራቱን ይፈልጋቸው፤ አንዳቸው ከዝርዝሩ ከጎደሉ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ወረቀቱን መልሶ ያስሞላ።